«ማንኩሳ ወራጅ አለ?»

ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ፣ ቡሬን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ረዳቱ «ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ ከእንቅልፌ ባነንኩ። ወራጅ አልነበርኩም። ግን አንገቴን በመስኮት አስግጌ ቀረሁ።

ማንኩሳን መጀመሪያ ያወቅኳት በመኪና አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የበዛብህ ትውልድ አገር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አጎቴ ያመጣልኝ ቅጂ ጀርባው በማዳበሪያ ከረጢት ክር የተሰፋ ነበር። ማታ በኩራዝ ሳነብ አድሬ ጠዋት አፍንጫዬ በጥላሸት ጠቁሮ ይገኛል። እናቴ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ጋዙን ጨረስከው!» ትላለች። ለዓይኔ ሳይሆን ለጋዙ ነበር የምታዝነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ቅጂው መጨረሻው የለውም። የሆነ ሰው የኋላ ገጾቹን ገንጥሏቸዋል (ለምን እንደዋሉ ባልጠይቅ ይሻላል)። እናም ርዕሱ ራሱ እየነገረኝ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው ይኖራሉ ብዬ ስንት ዓመት! ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙሉውን ስዋስ፣ ዶርም ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ጓደኞቼ ቤተሰብ የሞተብኝ መስሏቸው ሻይ አፈሉልኝ።

ዛሬም አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ ውጭ ስንጠራራ አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ እዚህ ዘመድ አለህ እንዴ?» አሉኝ።

«ነበሩኝ እማማ።»

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።»

አሜን አልኩ።