ግማሽሽን ሲያባርሩሽ

ሆቴሉ እንግዳ ቀንሷል ተብሎ በሳምንት ሶስት ቀን ብቻ ግቡ ተባልን፣ ደሞዙም በዛው ልክ ግማሽ ሆነ፣ እሺ ይሁን፣ ግን የቀነሱት ሰዓቱን እንጂ ስራውን አይደለም እኮ። ድሮ ለሁለት የምንሰራውን ፎቅ ዛሬ ብቻዬን 14 ክፍል አንሶላ ቀየርኩ፣ ሽንት ቤት አጠብኩ፣ ከሰዓት ደግሞ ላውንደሪ ሰው የለም ተብዬ እዛም ገባሁ። በረኪናው ጣቴን ልጦት ስልኬ ራሱ አሻራሽን አላውቀውም ብሎኛል ሃሃሃ

ስወጣ የባጃጅ ለማትረፍ ጣና ዳር ዳሩን በእግሬ መጣሁ። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች፣ ነገርኳት፣ "እና መንግስት የጎደለውን አይከፍልሽም?" አትለኝም! እነሱ ጋ ድርጅት ሰዓት ሲቀንስ ከቀረባቸው የተጣራ ደሞዝ 60 በመቶ፣ ልጅ ላለው 67 በመቶ ይሰጣቸዋል። እኛ ጋ የስራ አጥ ድጎማ የሚባል ነገር የታለና፣ ከደሞዜ የሚቆረጠው 7 በመቶም አሰሪው የሚጨምረው 11 በመቶም ለጡረታ ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለው የስራ ስንብት ክፍያም ውሉ ሲቋረጥ ነው እንጂ እንዲህ ግማሽሽን ሲያባርሩሽ አይደለም። ይሄን ላስረዳት ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ ተገላገልኩ።

እቤት ስደርስ አከራዬ ቡና አፍልተው "ነይ ልጄ፣ ቶናው ደርሷል" አሉኝ። ኪራዩን ሳያነሱ ጠጣን፣ እኔም አላነሳሁም።

ነገ ስራ የለኝም፣ ልብስ የሚያሳጥብ ካለ በውስጥ መስመር።