ብርቱካን የማን ናት?

ብርቱካን ማለት ፖርቱጋል ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። ስሙን ያገኘነው ከዓረብኛው «ቡርቱቃል» ነው፤ «ቡርቱቃን» የሚሉትም አሉ። እነሱ ደግሞ ፍሬውን የጠሩት በአገሪቱ ስም ነው። ብርቱካን የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ስሟ የአገር ስም መሆኑን ስነግራት ምን እንደምትል እንጃ።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረችኝ አቴንስ የምትሠራው እህቴ ናት። «እዚህ የሚበላውን ፖርቶካሊ፣ የመንገዱን ኔራንዚ ይሉታል፤ ቀጥፈሽ እንዳትበዪ ብለውኛል» አለችኝ በስልክ። የአቴንስ ጎዳናዎች ዳር ዳሩን መራራ ብርቱካን ተተክሎባቸዋል። ፍሬው ቀልቶ፣ አምሮ አስፋልት ላይ ይረግፋል፤ አንስቶ የሚገምጠው የለም። ባለሙያ ሴቶች ግን ልጣጩን በስኳር ቀቅለው፣ ለእንግዳ በማንኪያ ያቀርቡታል።

ግሪኮች ሁለቱንም ስም መያዛቸው ደስ ይላል። ቀድሞ አውሮፓ የገባው መራራው ነው፤ ዓረቦች ናቸው ያደረሱት። ስሙም ከጥንቱ የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት ተነስቶ በፋርስና በዓረብ በኩል አብሮት ተጓዘ። ስፔን ላይ «ናራንሃ» ሆነ። ጣሊያኖች የፊቱን የ«ን» ድምፅ ጎርደው «አራንቻ» አሉት። የፈረንሳዩ «ኦራንዥ» እና የእንግሊዙ «ኦሬንጅ» እዚያው ቤት ናቸው። ጣፋጩን በኋላ በስፋት ያሰራጩት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ናቸውና ግሪኩም፣ ቡልጋሪያውም፣ ሮማኒያውም ፍሬውን በሻጩ ስም ጠሩት። ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ግን «ላራንዣ» ነው የሚሉት። ምን ያድርጉ፣ «አንድ ኪሎ ፖርቱጋል ስጪኝ» አይሉ ነገር!

የሆላንዶቹ ደግሞ ይብሳል። ያ ብርቱካናማ ማልያቸው መነሻው ፍሬው አይደለም፤ ደቡብ ፈረንሳይ ያለች ኦራንዥ የምትባል ከተማ ናት። ሮማውያን «አራውሲዮ» ይሏት ነበር። ስሟ ከፍሬው ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመን ሲያሸው ድምፁ ገጠመ እንጂ። ናሳው ከሚባለው የጀርመን መሳፍንት ቤት የተወለደው ቪለም እ.ኤ.አ. በ1544 የከተማዋን ልዑልነት ወረሰ፤ በኋላም ሆላንዶቹ በስፔን ላይ ያነሱትን አመፅ መራ። ቤተሰቡ በዚያው የኦራንዥ ቤት ተባለ፤ ቀለሙም ከስሙ ጋር ተለጠፈ። እናም ሆላንዳዊው ስታዲየም ገብቶ «ኦራንዬ» እያለ ይጮኻል፤ ገበያ ሲወጣ ግን የሚገዛው «ሲናስአፕል» ነው፤ የቻይና ፖም ማለት ነው።