ጎጆ ወይስ ሪዞርት? ጣና ዳር ከልጆች ጋር

ባሕር ዳር ለሁለት ለሚሄድ ሰው ማረፊያ መምረጥ ሥራ አይደለም። ዘንባባው ጎዳና አካባቢ ካለው ሆቴል አንዱ ጋ ያድራል፣ ጠዋት ጣና ዳር ቡናውን ይጠጣል፣ አለቀ። ልጅ ይዞ የሚሄድ ግን ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ይጨቃጨቃል። እኛ ቤት ጭቅጭቁ የተጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ባለቤቴ የሣር ክዳን ጎጆ፣ ጭር ያለ ቦታ፣ ስልክ ባይሠራበት ደግሞ እሰየው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ወፍና ጀልባ። የአራት ዓመቱ ስለ ጣና የሚያውቀው ውሃ መሆኑን ብቻ ነው፤ ውሃ ካለ ደግሞ ዋና አለ ማለት ነው። አማቴ አብረውን ሊሄዱ ነበር፤ እሳቸው "እኔ ገዳሙን ከተሳለምኩ የትም አሳድሩኝ" አሉ። የትም አልነበረም፣ እደርስበታለሁ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ለማየት ተስማማን፤ መጀመሪያ ከከተማ ወጣ ያለ ጎጆ፣ ቀጥሎ ከተማው ውስጥ ያለ የቤተሰብ ሪዞርት። ስማቸውን አልጠራም።

የሄድነው መስከረም መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ነው። በመኪና ቢሆን 560 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ በዚያ ላይ መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ አለ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ሄድን። መስከረም ጥሩነቱ ሐይቁም ፏፏቴውም የጠገቡበት፣ አደይ አበባው ሜዳውን የሞላበት መሆኑ ነው። ክፋቱ ትንኝ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለ፤ የሚብሰውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩን ሲይዝ ባለቤቴ ፈገግ አለ፣ አማቴ አማተቡ።

ጎጆው ክብ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፣ መሃሉ ላይ የጠቆረ ምሰሶ። አልጋዎቹ ላይ አጎበር ተሰቅሏል። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ስገባ ከአንሶላው በፊት የማየው አጎበሩን ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቼ ፈተሽኩት፤ የሕፃኑ አልጋ ላይ ጣት የሚያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች አገኘሁ። አማቴ ከቦርሳቸው መርፌና ክር አወጡ። (መርፌና ክር ይዘው የማይሄዱበት አገር የለም።) ከበሩ ጀምሮ ሣር ነው፣ ከሣሩ ቀጥሎ ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲያ ጣና። አጥር የለም። ባለቤቴ ወንበር አውጥቶ መጽሐፉን ገለጠ፣ እኔ ልጁን ያዝኩ። ከዚያ ተራ ተቀያየርን፤ እሱ ልጁን ያዘ፣ እኔ መጽሐፌን ገለጥኩ። ገጹን ግን አልገለበጥኩትም፤ ዓይኔ ሣሩ ላይ ነበር። አራት ዓመት የሞላው ልጅና አጥር የሌለው ሐይቅ ባሉበት የሚያርፍ እናት ካለች ትንገረኝ።

ችግሩ መስጠም ብቻ አይደለም። ጣና ልጅን ይዋኝ ብሎ የሚለቁበት ውሃ አይደለም። ቢልሃርዚያ የሚባል በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ የሚራባው ዳር ላይ ባለው ረጋ ያለ ውሃ፣ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ሰው የሚፈራው መሃሉን ነው፤ ልጅ እግሩን የሚነክርበት፣ ደንገል የበዛበት ዳርቻ ነው የሚያሰጋው። ጉማሬም አለ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፤ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። ዘበኛው ገና ዕቃችንን ሳናወርድ "ከመሸ በኋላ ወደ ዳር እንዳትወርዱ" ብሎናል። ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት አድርገህ ታስረዳዋለህ? እንደምንም አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ታዲያ ለምን መጣን?" አለኝ።

ልጅቷ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከጎጆው ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሰውዬ ታንኳ ይሠራል። የደረቀ ደንገል ጠቅልሎ እስር ያደርጋል፣ እስሩን ከእስር ጋር ያገናኛል፣ ተረከዙን ተክሎ ገመዱን ወደ ደረቱ ሲስበው ደንገሉ ጧ ጧ ይላል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል፣ መቀመጫው ላይ ተጨማሪ እስር ይደረባል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ እንዲያም ሆኖ የሚያገለግለው ጥቂት ወራት ነው። ልጄ "ለምን ከእንጨት አይሠሩትም?" ብላ ጠየቀችው። "እንጨቱ በገንዘብ ነው፣ ልጄ፤ ደንገሉ ግን ይኸው" አላት፣ በአገጩ ወደ ዳር እያመለከተ። ቁርስ ተጠርታ አልመጣችም።

ቁርሱም ሌላ ነው። የምግብ ዝርዝር የሚባል የለም። አብሳይዋ መጥታ "ምን ልሥራላችሁ?" ትላለች፤ የምትሠራውም ያላትን ነው። ጠዋት ከታንኳ የተገዛ ቀረሶ ዓሣ ከነራሱ ተጠብሶ ይመጣል፣ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል። ረቡዕ ቀን አማቴ እስከ 9 ሰዓት ጾሙ፤ ሊበሉ ሲቀርቡ ሽሮው ቀጠነባቸው። ምንም አላሉም። ዓርብ ዕለት ነጠላቸውን አደግድገው ማድ ቤት ውስጥ አገኘኋቸው፤ ከአብሳይዋ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ እያወሩ ሽሮውን ራሳቸው ያማስላሉ። ከዚያ ወዲያ እሳቸውን ከጎጆው ማንቀሳቀስ ከባድ ሆነ። ባለቤቴ "እማዬ፣ ነገ ወደ ሌላ ሆቴል እንሄዳለን" ሲላቸው፣ "ምን ጎደለብህ?" አሉት።

ስለ ጸጥታው አንድ ነገር ልበል። ማታ መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ እስከ 4 ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ እንቁራሪቱ ይቀጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ከሩቅ የቅዳሴ ደወል። ለአዋቂ ደስ ይላል። ልጁ ግን በየእንቁራሪቱ "ምንድነው?" እያለ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም።

ወደ ገዳማቱ የሄድነው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይናወጣል፤ ነፋሱ የሚነሳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጀልባው ውስጥ የነበረው ተንሳፋፊ ሰደርያ ሁሉ የአዋቂ ነበር። ልጁ ውስጥ ሲገባ ራሱ ብቻ ቀረ። "ይበቃዋል" አለ ጀልባ ነጂው። አይበቃውም ብዬ ቆምኩ፤ ከሌላ ጀልባ ተውሶ የልጅ ልክ እስኪያመጣ አልተነሳንም። ልጅ ያላችሁ፣ ሂሳብ ሳትነጋገሩ ይህን ጠይቁ።

ክብራን ገብርኤል ስንቃረብ ጀልባ ነጂው በአክብሮት፣ "እናቴ፣ ክብራን ለሴት አይፈቀድም፤ እርስዎ እንጦስ ይወርዳሉ" አላቸው አማቴን።

"ይሄን ሳላውቅ የመጣሁ መስሎህ ነው ልጄ? ጠጋ አድርገኝና ከዚሁ ሆኜ ልሳለም።"

ሞተሩን አጠፋላቸው። ቆመው ተሳለሙ። ባለቤቴ ልጁን በእጁ ይዞ ወርዶ ሲሄድ ልጅቷ ተንጨረጨረች፤ "እሱ እኮ ገብርኤል ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም!" ሴት ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህን ቀድማችሁ ብትነግሯት ይሻላል፤ እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው፣ እዚያ ሁላችንም ወረድን። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ለሁሉም ክፍት ነው። ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ ልጅ በእግሩ ይወጣዋል፣ ጦጣ እየቆጠረ። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ አይታወቅም፤ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። የአገሬው ሰው እንደሚያወራው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆራርጠው ተክለው ሦስቱ የበቀሉት ከዚያ ነው። አማቴ ታሪኩን ከእኛ በላይ ያውቁት ነበር፤ አስጎብኚውን እርማት ሰጡት።

ጢስ ዓባይንም አየን፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ይቀንሳል፤ በመስከረም ግን ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ከልጅ ጋር ጭቃውን አስቡት። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊትም መንገዱን ጠይቁ።

ከዚያ ሪዞርቱ።

እሱም ጣና ዳር ነው። ፍተሻውን እንዳለፍን ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌ፣ የልጆች መዋኛ፣ የአዋቂዎች መዋኛ። ልጄ ሻንጣው ከባጃጁ ሳይወርድ ጫማውን አውልቋል። ከሐይቁ ጋር የሚያገናኘው በኩል በግንብ የታጠረ ነው፤ ደንገሉ ተመንጥሮ ወንበር ተደርድሮበታል። ወፍ ፈላጊዋ ልጄ አንድ ዙር ዞራ "እዚህ እኮ ምንም የለም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ወፉ ያለው ደንገሉ ባለበት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንዲህ በየዳርቻው ደንገሉ እየተነሳ ወንበር ከተተካ ምን እንደሚጠበቅ እንጃ።

ይሁንና ያረፍኩት እዚህ ነው። የልጆቹ መዋኛ ውሃ የልጄ ወገብ ላይ ነው የሚደርሰው፤ አጠገቡ ሌሎች እናቶች አሉ፤ ልጁ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተወዳጅቶ ተጣልቶ ታርቋል። ከጎጆው የመጣውን መጽሐፌን እዚህ ጨረስኩት። ማስጠንቀቂያ ካስፈለገ፣ ውሃው ጠዋት በረዶ ነው፤ ልጁ ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "አልበረደኝም" ይላል፤ ከ5 ሰዓት በፊት አታስገቡ። ጠባቂ የተባለው ወጣት ፎጣም ያድላል፣ ስልኩንም ያያል። ስለዚህ ልጅን ለእሱ ትቶ መሄድ አይታሰብም፤ ወንበር ላይ ሆኖ በአንድ ዓይን ማየት ግን ይቻላል፣ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አማቴ ወንበራቸውን ከመዋኛው አዙረው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አደረጉ። "እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የዋና ልብስ የለበሱትን ወጣቶች ሳያዩ እያዩ። ምሳ ላይ ቀረሶ አዘዝን። ያው ቀረሶ፣ ያው ጣና፤ የተለየው ሎሚውና ሰፊው ሳህን ነው፣ ሂሳቡም እንደዚያው። ቅዳሜ ማታ የልደት ድግስ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው የክፍላችንን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ባለቤቴ ወርዶ ጠየቀ፤ "ይቅርታ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ነው" ብለው መለሱት። ልጁ ሳይገላበጥ አደረ፤ ሲዋኝ የዋለ ልጅ ምን ይሰማል። እኛ ሦስታችን ግን ሌሊቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሻማ ሲያጠፋ ሰማን።

ጓደኞቼ የትኛው ይሻላል ሲሉኝ የማየው የትንሹን ልጃቸውን ዕድሜ ነው። አምስት ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ፣ ጎጆው አጥር እንዳለው በስልክ ጠይቁ፤ "ሰው አለ፣ ይጠብቃል" የሚል መልስ አጥር የለም ማለት ነው። አጥር ከሌለው ሪዞርቱን ያዙ፤ የምትከፍሉት ለሸርተቴው ሳይሆን ለግንቡ ነው። ክፍል ስትይዙም ከመድረኩና ከአዳራሹ የራቀውን ስጡን በሉ። ልጆቹ ነፍስ ካወቁ ግን እኔ ጎጆውን እመርጣለሁ፤ አጎበርና ጄኔሬተር መኖሩን፣ ማታ ሰው የሚያመጣ ባጃጅ መኖሩን አረጋግጣችሁ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል የምታርፉ ደግሞ ስለ እምቦጩ አረም ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ያስቸገረው በእነዚያ በኩል ነው፣ ነፋስ ሲያመጣው ዳርቻውን ዘግቶት ጀልባ ላያስጠጋ ይችላል።

ጎጆ የያዘ ሰው መዋኛ አያጣም። ከተማው ውስጥ መዋኛ ያላቸው ሆቴሎች ከውጭ ለሚመጣም ሰው የቀን መግቢያ ይሸጣሉ። እኛም ከሪዞርቱ ወጥተን፣ አማቴ አሸንፈው ወደ ጎጆው ከተመለስን በኋላ፣ ልጁን እንደዚያ ነው ያዋኘነው፤ 5 ሰዓት ላይ በባጃጅ ሄዶ 10 ሰዓት ላይ ተኝቶ ይመለሳል። ቅዳሜና እሑድ መግቢያው ይወደዳል፣ ወንበርም አይገኝም፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሂዱ። ዋና ኮፍያ አምጡ የሚሉም ስላሉ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ በር ላይ የሚሸጡት እጥፍ ነው።