አንዱ ይቀንስ፣ አንዱ ይጨምር

ደሴ ላይ ከውጭ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው ፊቱ ነው። «ምነው ከሳህ?» ከተባለ አለቀለት፤ ሳህኑ ባዶ አይሆንም። እኔ ደግሞ የደረስኩት ለአረፋ ነው። በግ ታርዷል፣ ዱለቱ፣ ጥብሱ፣ ቅቅሉ ተራ በተራ ይመጣል።

የኩላሊት ሕመሜ ከአምስቱ ደረጃዎች 3ኛው ላይ መሆኑን ያወቅሁት ፍራንክፈርት ነው። እዚያ ያለችው የሥነ ምግብ ባለሙያ የሰጠችኝ ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ ስለምመዝን 56 ግራም ይሆናል። ፕሮቲን ሲፈጭ ከሚተርፈው ዩሪያ አለ፣ እሱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ሲበዛበት ደህና የቀረው ክፍል ከአቅሙ በላይ እየሠራ ቶሎ ይደክማል። ጭራሽ መተውም አይሆንም፣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራላ። የበሰለ 100 ግራም ሥጋ ብቻውን ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ሽሮውም ይቆጠራል፤ ከ50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም ገደማ ይገኛል። እንጀራው ራሱ ባዶ አይደለም። እንግዲህ በአረፋ ቀን አክስቴ አጠገብ ተቀምጠህ ይህን ደምር!

የገረመኝ ግን የራሴ ሳህን አልነበረም። የአክስቴ ባል ደማቸውን በማሽን ለሚያጣራው የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለቴ ይመላለሳሉ። ቤቱ በሥጋ ሽታ ታውዶ እሳቸው ፊት የቀረበው የድንች አልጫ ነው። ጎናቸው ጠያቂ ያመጣው ሙዝና ብርቱካን ተከምሯል። ቀበቷቸውን ሳየው በጋለ ምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው፣ እሱም አልበቃ ብሎ ጫፉ ወደ ጀርባቸው ዞሯል።

«ኩላሊት ሥጋ አይወድም» አለች አክስቴ፣ ቆርጣ። ከሜዳ ያመጣችው አይደለም። እጥበት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ሥጋ ይቀንሱ ብሏቸው ነበር። እጥበቱ ሲጀመር ትእዛዙ እንደሚገለበጥ ግን የነገራቸው የለም። እዚህ ላይ እናደዳለሁ፤ አንድ አረፍተ ነገር ነበር እኮ።

ከውጭ የመጣ ሰው ሐኪም ሲሆን አልወድም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው የእጥበት ቀን አብሬ ሄጄ ሐኪሙን ፊታቸው ጠየቅሁት። እጥበት ላይ ላለ ሰው በኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው አለ። እሳቸው 60 ኪሎ ናቸው፤ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። ማሽኑ ዩሪያውን ሲያወጣ ፕሮቲን የሚሠራበትን አሚኖ አሲድም አብሮ ይወስደዋል፣ በየጊዜው መተካት አለበት። ሊጠነቀቁ የሚገባው ከፖታሲየም ነበር። ፖታሲየም ደግሞ የት አለ? ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች። ሲበዛ ልብ ያቆማል።

ማታ ለአክስቴ ስነግራት አፈጠጠችብኝ። «ሁለታችሁም ኩላሊት ትላላችሁ፤ አንተ ቀንስ፣ እሳቸው ጨምሩ! ወላሂ ልታሳብዱኝ ነው።» የእሳቸውን ኩላሊት ሥራ ማሽን እንደሚሠራላቸው፣ የእኔ ግን ገና ራሱ እየሠራ መሆኑን አስረዳኋት። ዝም ብላ ቆየችና «እንዴ፣ እድፉን ሲያጥቡት ቀለሙም ይለቃል በለኛ!» አለች። ከባለሙያዋ ማብራሪያ የሷ በለጠብኝ።

ጨው ላይ ግን ሁለታችንም እኩል ነን፤ በቀን ከ5 ግራም አይለፍ ተብለናል። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ስለሚገባበት አክስቴ አሁን ለብቻ ታስደቅቃለች። ድንቹ ካማራቸውም ተልጦ፣ ደቆ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል።

ሥጋ በየቀኑ የሚቻል ነገር አይደለም። እንቁላል ይሻላል፣ አንዱ 6 ግራም አለው። ወር ወር ከምልከው ላይ የእንቁላል ተብሎ የሚለይ አለ፤ አክስቴም ለሌላ እንዳይነካ ትጠብቀዋለች። ጠያቂው ብርቱካን ማምጣቱን አልተወም። ልጆቹ ይበሉታል።