ቀለሙን በማንኪያ አትስፈሩ

ያደግሁት የኔታ ጥቀርሻና ሙጫ አሽተው ቀለም ሲበጠብጡ እያየሁ ነው። ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የዚህ አገር ጸሐፊዎች ቀለማቸውን ከምን ይሠሩ እንደነበር ለማወቅ ጓጓሁ። እ.ኤ.አ. በ1776 የነጻነት አዋጁ የተጻፈበት ዓይነት ቀለም ጥቀርሻ የለበትም። የሚሠራው ጥቃቅን ተርቦች እንቁላል ሲጥሉበት በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚያብጠው እባጭ፣ ፌረስ ሰልፌት ከሚባለው የብረት ጨው፣ ከውሃና ከግራር ሙጫ ነው። ሙጫውን ሳይ አገሬን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

እባጩን ገዛሁ፣ ወቀጥሁ፣ ዘፈዘፍሁ፣ አጠለልሁ። እስከዚህ ድረስ የሚያስቸግር ነገር የለም።

ያበላሸሁት ጨው ላይ ነው። ጥንታዊ ሙያ የሚያሳይ አንድ ባለሙያ «እኩል በእኩል አድርገው፤ ብዙ አትጨነቅ» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ከእሱ ይልቅ ግን የምናደደው በራሴ ነው፤ የድሮዎቹ በሚዛን የለኩትን እኔ በማንኪያ ሰፈርሁት። የእባጩ ዱቄት ቀላል፣ ጨው ደግሞ ከባድ ነው። ማንኪያው እኩል ቢሆንም ክብደቱ እኩል አልነበረም።

ቀለሙም አልከዳኝም፤ ሲጻፍ እንደ ቀጭን ሻይ ገርጥቶ፣ አየር ሲያገኘው ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ማን ይጠረጥራል? አባቴ ከደብረ ማርቆስ በስልክ ያስጻፈኝን የሰባት ቤት ትውልድ በዚያው ቀለም በስስ ወረቀት ገለበጥሁ፤ ረቂቁን ጣልሁት። ወረቀቱን አጥፌ ጣሪያ ሥር አስቀመጥሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስከፍተው ፊደሉ ወደ ዝገት ቀለም ተለውጧል። በጀርባው ቡናማ ጥላ ወጥቶበታል። በታጠፈበት መስመር ያለው ስም ወፍራም ቀለም የያዘበት ቦታ ተሰነጣጥቆ፣ የ«ወ» ክብ እንደ ትንሽ ሳንቲም መዳፌ ላይ ወደቀ። ከእባጩ ጋር ሳይዋሐድ የተረፈው ብረትና በቀለሙ ውስጥ የተፈጠረው አሲድ ወረቀቱን በልተውታል፤ የቨርጂኒያ በጋ እርጥበት ደግሞ አፋጥኖታል።

ብዙዎች የጥንቱን አሠራር ቃል በቃል ተከተሉ ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ የጥንቶቹ ራሳቸው በእባጩና በጨው መጠን ላይ አይስማሙም። አሁን በግራም እመዝናለሁ፤ ሦስት እጅ እባጭ፣ አንድ እጅ ጨው። መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት እሞክራለሁ፤ ሌላ ቅጂ የሌለውን ነገር ፈጽሞ አልጽፍበትም።

ስሞቹን እንደገና ለመጻፍ አባቴ ጋ ደወልሁ። አራተኛ ቤት ድረስ በደንብ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እያቀያየረ ይጠራል።