ለልጄ ስልክ የገዛሁላት ለደህንነቷ ብዬ ነበር

ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ሀረጎን ወርጄ እወጣለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ሲኖትራክ ከተበላሸ ወይም ጉም ከወረደ መሀል ላይ ተገትሮ መቅረት ነው። ታዲያ ልጄ በ2017 ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ተች ስልክ ገዛሁላት፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ትደውልልኛለች ብዬ። ትምህርት ቤቱ ስልክ እንደሚከለክል አውቃለሁ። አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ እንድታስቀምጠው ተስማማን። አጥፍታ! አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ጥር ላይ አንድ ቀን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ ደወለች። ሽንት ቤት ተደብቃ እያለቀሰች ነው። "እማ፣ ተኩስ ነው!" አለችና ተቋረጠ። እኛ ከተማ ውስጥ "ተኩስ" የሚለው ቃል እናትን ምን እንደሚያደርጋት ያየ ያውቀዋል። መልሼ ብደውል አይነሳም። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የክፍሏ ልጆች እናቶች ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። እነሱም ለሌሎች ደወሉ። እኔ ሚኒባስ ለምኜ ሀረጎን እስክወጣ ግማሹ ሰፈር በሩ ላይ ደርሷል።

የፈነዳው ለካ ትራንስፎርመር ነው። መምህራኑ ወዲያው አጣርተው፣ ልጆቹን አረጋግተው ማስተማር ቀጥለዋል። ረብሻውን ያመጣነው እኛ ነን። ወላጅ በሩን ገፍቶ ሲገባ፣ ልጆች ደግሞ ወላጅ ሲሮጥ አይተው ሲሮጡ፣ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ዘበኛው "ማነው ተኩስ ያለው?" እያለ ሲጮህ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ።

የሚገርመው፣ ይሄን ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ኔትወርክ ጠፋ። ሁላችንም ስልክ ይዘናል፣ ማንም ማንንም አያገኝም። እኔና እናቴን ያገናኘን አባቴ "ከተጠፋፋን ደብረ ብርሃን አክስትሽ ቤት" ብሎ የነገረን ቃል ነው። ስድስተኛው ቀን ላይ እዚያ አገኘኋት።

የትምህርት ቤቱ ዩኒት መሪ ከልጄ የተወሰደውን ስልክ ሲመልስልኝ አልተቆጣም። "ለመሆኑ ቁጥርሽን በቃሏ ታውቀዋለች?" ብቻ አለኝ። ማታ ጠየቅኋት። አታውቀውም! "እማ" ብላ ነው የመዘገበችኝ። ስልኩን ከፍቼ ሳይ ደግሞ በክፍል ሰዓት የተላላከችው የቴሌግራም መልእክት መዓት ነው። ዩኔስኮ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርቱ፣ ተማሪ አንዴ ከተዘናጋ ትኩረቱን ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል ይላል። እንደ እሷ አላላክ ከሆነ ቀኑን ሙሉ አልተማረችም ማለት ነው።

ስልኩ ቤት ቀረ። አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ፣ ለዚህ ተዘጋጁ። የእኔንና የአባቷን ቁጥር እንጀራ እየበላን፣ ፀጉሯን እየሠራሁላት በቃሏ አስጠናኋት። ቁጥሮቹን ጽፌ ደብተሯ ሽፋን ውስጥ ለጠፍኩ፣ የፖሊስን 991ንም ጨምሬ። የዩኒት መሪውን ቁጥር ራሴ ያዝኩ፤ አሁን ወሬ ስሰማ መጀመሪያ የምደውለው እሱ ጋ ነው። አንድ የሚስጥር ቃልም አለን። ዘመኑ የእገታ ነውና "እናትሽ ልካኝ ነው" የሚል ሰው ቃሉን ካላወቀ፣ አጎቷም ቢሆን አብራው አትሄድም። (አጎቷ አንዴ ረስቶት ትታው ሄዳለች፣ እስካሁን ይቀየመኛል።)

ከሁሉም የጠቀመን ግን ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው እትየ ናቸው። ካረፈድኩ እዚያ ትቀመጣለች፣ በእሳቸው ስልክ ትደውላለች። ሄጄ ቡና ጠጥተን ነው የተስማማነው፣ በነጻ።

ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። ለእሱ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቶ መምህሩ ጋ ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ተች ግን አይደለም።

ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ ሀረጎ ላይ አገተን። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። ደሴ የገባሁት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ እየሮጥኩ፣ ልቤ ሊወጣ ደርሶ። እሷ እትየ ሱቅ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦ እየበላች የቤት ሥራዋን ትሠራለች። "አብሽሪ" አሉኝ እትየ፣ "ሀረጎ ላይ ናት ብላ ነግራኛለች።" ልጄ ቀና ብላ አየችኝና "እማ፣ ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ ለምንድነው ስልክሽን ቻርጅ የማታደርጊው?" አለችኝ።