የኋላ ጎማን በነዳጅ ማንሸራተት
ለድሪፍት (መኪናን ሆን ብሎ በጎን እያንሸራተቱ መንዳት) ጀማሪ የሚመቸው የኋላ ጎማው የሚነዳ ማኑዋል መኪና ነው፤ ለምሳሌ ማዝዳ ሚያታ። ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ሊሚትድ ስሊፕ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ፣ ካልሆነ በመዞሪያው ውስጥ በኩል ያለው ጎማ ብቻውን ይሽከረከርና ጉልበቱ ይባክናል። ቦታው ዝግ፣ ሰፊና እርጥብ ይሁን፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚለቅ ለማሰብ ጊዜ ይኖራል። የሕዝብ መንገድ ላይ በፍጹም!

ኮን አስቀምጡና በ1ኛ ወይም በ2ኛ ማርሽ ዙሩት። መሪው እንደተጠመዘዘ ነዳጁን ጫን አድርጉ፤ ጉልበት ካነሰ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ረግጣችሁ ልቀቁ። ኋላው ሲወጣ መሪውን ወደተንሸራተተበት ጎን መልሱ። ከዚያ የመንሸራተቱን ማዕዘን የሚይዘው ነዳጁ ነው፦ ሲበዛ መኪናው በራሱ ላይ ይዞራል፣ ሲያንስ ይቃናል። አደገኛው ስህተት ደንግጦ ነዳጁን ባንዴ መልቀቅ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንገት መሬት ይይዙና መኪናው ወደ ተቃራኒው ጎን ይወረወራል። ቀስ ብላችሁ ቀንሱ፣ መሪውንም አብራችሁ አቃኑ። መዞሩ ካልቀረ ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ ርገጡ።